የገና ዶሮ በሰው ደጅ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲሄዱ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው መንደር፣ ገና ሲቃረብ የአልጣሽን ቤት ሳያይ ያለፈ ሰው ዓይኑን ይመርመር። ሌላው ሰው ግድግዳውን በጭቃና በእበት መርጎ «ለበዓሉ ይበቃል» ሲል፣ እሷ በዚያ ላይ ከወንዙ ዳር ቆፍራ የምታመጣውን ነጭ አፈር በጨርቅ እየነከረች ትለቀልቀዋለች። ከሥሩ በቀይ አፈር ዙሪያውን ትቀነብበዋለች። በበሩ ግራና ቀኝ ደግሞ በጣቷ አበባ ትስላለች። አበባ ይሁን ጥቅል ጎመን መንደሩ እስካሁን ባይስማማም፣ ከሩቅ ያምራል።

ወጧም የታወቀ ነው። የገና ዶሮ ወጥ የሚሠራው በዋዜማው ነው፤ ዋዜማው ጾም ስለሆነ መቅመስ አይቻልም፤ በዚህ ሰበብ ስንቷ ጨው ታበዛለች፣ ስንቷ ጭራሽ ትረሳዋለች። አልጣሽ ግን ክዳኑን ከፈት አድርጋ አሽትታ ትመጥናለች። ለጠየቃት አትደብቅም። «ሽንኩርቱን ደቃቅ አድርገሽ ከትፈሽ ያለ ቅቤ አቁላዪው፤ እሳት አታብዢበት፣ አትቸኩዪ። በርበሬውን ስትጨምሪ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረግሽ አብስዪው። ጥሬው ሽታ ሲጠፋ ቅቤውን ልቀቂበት። ዶሮዋን በሎሚና በጨው እያሸሽ እጠቢ፣ ውኃው ኩልል እስኪል። ኮረሪማውን ልታወጪ ስትይ ነስነስ አድርጊበት። ሌላ ምን አለው?» ትላለች። አዳዲስ ሙሽሮች ይህን ሁሉ ሰምተው ይሄዱና ያሳርራሉ።

በዚያ ቤት የገና ዋዜማ ትልቁ ነገር ግን ግድግዳውም ወጡም አልነበረም። ትልቁ ነገር ባሏ ባምላኩ ነበር። በዚያ አገር ሴት ዶሮ አታርድም፤ ብታርድም የሚበላላት የለም። ስለዚህ ወንድ የሌለበት ቤት ያለች ሴት በዋዜማው ዶሮዋን ታቅፋ ወደ ሰው ደጅ ትሄዳለች። የመንደሩ ባል የሞተባቸው ሴቶች ደግሞ ከድሮ ጀምሮ የሚሄዱት ወደ ባምላኩ ነው። ከቀትር በኋላ ደጁ ላይ ካሉት ድንጋዮች ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። እሱ ካራውን ስሎ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ የሁሉንም በየተራ ያርድላቸዋል። አንዷን እንኳ ደክሞኛል ብሎ መልሷት አያውቅም። ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ሴቶቹ በዝተዋል፤ ምክንያቱን ሁሉም ስለሚያውቀው የሚጠይቅ የለም።

እውነት ለመናገር አልጣሽ ያንን ከሰዓት በኋላ ትወደው ነበር። ለሴቶቹ ከአንጀቷ ታዝናለች። ግን ቤቷ ሙሉ ነው፣ ካራውን የያዘው እጅ የባሏ ነው፤ ይህን እያሰበች በመካከላቸው ስትመላለስ አንገቷ ራሱ ቀና ይል ነበር። አይፈረድባትም። ማንኛዋም ብትሆን እንደዚያው ነበር የምትሆነው።

ባለፈው ሐምሌ ባምላኩ በቆሎ ሲኮተኩት ወደቀ። ፍኖተ ሰላም ያሉት ሐኪሞች የደም ግፊት ነው አሉ፤ ጎረቤት መጋኛ ነው አለ። ክኒኑንም ዋጠ፣ ጸበሉንም ተጠመቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ ምላሱም ቆይቶ ተፈታ። ቀኝ ጎኑ ግን አልተመለሰም። ያ ስንት በሬ የጠመደ እጅ አሁን ጭኑ ላይ ተጋድሞ ይውላል፤ ዝንብ ቢያርፍበት እንኳ የሚያባርርለት ግራው ነው።

ዘንድሮ አልጣሽ ግድግዳውን ከወትሮው ቀድማ ጀመረች። ውጪውን ስትጨርስ ወደ ውስጥ ገባች፤ ውስጡን ስትጨርስ መደቡን፣ መደቡን ስትጨርስ ምሰሶውን ያዘች። «ምነው እቴ፣ ሙሽራ ልታስገቢ ነው?» አሏት ጎረቤቶቿ። ሳቀችላቸው እንጂ የሚያስቅ ነገር አልነበራትም። ያን ሁሉ ነጭ አፈር የምትለቀልቀው ፍርሃቷ ላይ ነበር። የባምላኩ እጅ ካልሠራ የእሷም ዶሮ ወደ ሰው ደጅ መሄዱ ነው። ዶሮ ታቅፋ በመንደሩ መካከል የምታልፍ ሴት ደግሞ ባል የሌላት ሴት ናት። ባምላኩ ግን አለ። መደቡ ላይ ተጋድሞ ስትለቀልቅ እያያት አለ። በቁሙ ያለን ሰው እንዴት አድርጋ በገዛ እጇ ትቅበረው?

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለእሱማ ከየት አባቷ አምጥታ ትንገረው።

ፍኖተ ሰላም ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራው ልጃቸው መስከረም በዋዜማው ጠዋት ደረሰች። መንገዱ ክፍት ሆኖ መኪና ማግኘቷ ራሱ ለቤቱ አንድ በዓል ነበር። ከፌስታሏ ፊኛዎች፣ በባትሪ የሚበራ የመብራት ገመድና ክንድ የሚያህል የፕላስቲክ የገና ዛፍ አወጣች። ፊኛዎቹን ነፍታ ምሰሶው ላይ አንጠለጠለች። ዛፉን አባቷ ራስጌ አቁማ መብራቱን ጠመጠመችበት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አልጣሽ።

«ጥድ ነው፣ እማ። ለገና ነው'ኮ።»

«ጥድማ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቶ የለ? ለዚህ ብለሽ ነው ገንዘብሽን የጨረስሽው?»

«ተይያት» አለ ባምላኩ። «ለእኔ ያበራልኛል።»

መስከረም በዚህ ተደስታ ስልኳን አወጣችና «ዶሮ ወጥ በቀላሉ» የሚል ቪዲዮ ለእናቷ አሳየቻት። ጥፍሯን ቀይ የተቀባች አንዲት ልጅ ሽንኩርቱን በማሽን ፈጭታ፣ ዘይት ውስጥ ገልብጣ፣ በአንድ አፍታ ወጥ አወጣች። አልጣሽ እስከ መጨረሻው አየችና «ይቺን ልጅ ሽንኩርቱ ምን በድሏት ነው?» አለች። መስከረም ከት ብላ ሳቀች፤ ባምላኩም በሚታዘዝለት በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ቤቱ ለአፍታ ቤት መሰለ።

መስከረም ሳቋን ሳትጨርስ «ዶሮውንስ ጋሽ አድማሴ ዘንድ መቼ እንውሰደው? ሳይሰለፉበት ልሂድ?» አለች።

አድማሴ ከእነሱ ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ ያለው ጎረቤት ነው። ባምላኩ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋና ወደ በሩ ማየት ጀመረ። አልጣሽ ልጇን በዓይኗ ጠቅሳ ጓዳ አስገባቻት።

«ምን ነካሽ? አባትሽ እየሰማ!»

«ታዲያ ማን ሊያርደው ነው? አባ አይችሉም። ይህ ምን ያሳፍራል?»

«አንቺ ከተማ ሆነሽ ነው። እዚያ ታርዶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይገዛል። እዚህ ዶሮ ይዤ ከበሩ ከወጣሁ፣ ተመልሼ የምገባው ሌላ ሴት ሆኜ ነው።»

«እኔ ልውሰደው ነው'ኮ የምልሽ።»

«ማንም ይውሰደው፣ ዶሮው የባምላኩ ነው። አገር ያውቀዋል።»

«እንግዲያው ሽሮ እንብላ፣ እማ። ሽሮ ብንበላ ምን እንሆናለን?»

«ለገና? አባትሽ ከእንግዲህ ስንት ገና ሊያይ ነው?» አለች አልጣሽ። ካለች በኋላ የገዛ ቃሏ አስደነገጣት፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። መስከረም ቄጤማውን ልትጎዘጉዝ ወጣች።

ከቀትር በኋላ አልጣሽ ደጁ ላይ ያሉትን ድንጋዮች ጠረገች። ለምን እንደምትጠርጋቸው ራሷም አታውቅም። ምናልባት አንዷ እንኳ ለወጉ ብላ ጎራ ትል ይሆናል ብላ ይሆናል። ባምላኩም መደቡ በበሩ አጠገብ ስለሆነ ወደ ደጅ ጆሮውን ጥሎ ነበር። ልብ ያልተናገረውን ጆሮ ሲጠብቅ ማየት ያሳዝናል።

መጀመሪያ በአጥሩ ውጪ የዶሮ ድምፅ ተሰማ።

«ማን ናት?» አለ ባምላኩ።

«መንገደኛ ናት።»

«ሥርጉት ናት። አረማመዷን አውቀዋለሁ።»

ሥርጉት ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ያልሞላት ለጋ ሴት ናት። አምና እዚህ ደጅ ተቀምጣ ስታለቅስ ያባበላት ባምላኩ ነበር። ዘንድሮ በአጥሩ ጥግ አንገቷን ደፍታ፣ ዶሮዋን በነጠላዋ ሸፍና አለፈች። ቀጥሎ የባልቴቷ የአስካለ ማርያም ሳል ተሰማ፤ እሱም ሳይቆም ወደ ታች ወረደ። ከዚያም ሌላ መጣ።

«ወደ አድማሴ ወረዱ» አለ ባምላኩ። «እኔን እንዳያሳፍሩ ብለው ነው። ደግ አደረጉ።»

አልጣሽ ያልቆሸሸውን ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

«ካራዬን አምጪልኝ» አለ።

«ባምላኩ፣ ተው።»

«አምጪልኝ አልኩሽ። ዶሮውንም ያዙልኝ።»

እናትና ልጅ ተያዩ። መስከረም ደግፋ አስቀመጠችው። አልጣሽ አውራ ዶሮውን አምጥታ እግሩንና ክንፉን ግጥም አድርጋ ያዘች፤ መስከረም አንገቱን ዘረጋች። ባምላኩ ካራውን በግራ እጁ ጨበጠ። «በስመ አብ» ብሎ ጀመረ። ግራው ግን ካራ ይዞ አያውቅም። ስለቱ ገና ላባው ላይ ሳያርፍ ካራው ከጣቶቹ ሾልኮ ቄጤማው ላይ ወደቀ። መስከረም ደንግጣ አንገቱን ለቀቀችው። አውራ ዶሮው ከአልጣሽ እጅ ተፈናጥሮ መደቡ ላይ ወጣ፤ ዛፉን ገለበጠ፤ አንድ ፊኛ በጥፍሩ አፈነዳ፤ ምሰሶው ሥር ቆሞ ጮኸ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ይሞቱ ነበር።

ባምላኩ ካራው የወደቀበትን ቦታ ትንሽ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ «ይዘሽው ሂጂ» አለ።

«ወዴት?»

«ወዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

«ልጅቷ ትውሰደው...»

«አንቺ ሂጂ። በጓሮም እንዳትሄጂ። በጓሮ የሚሄድ ሌባ ነው። በመንገዱ፣ ሰው እያየሽ ሂጂ።»

አልጣሽ የበዓል ነጠላዋን ለበሰች። ዶሮውን ታቀፈችና በመንገዱ ሄደች። ሁለት ቤት ማለፍ እንዲህ ይርቃል ብላ አስባ አታውቅም። አንዲት ጎረቤት ከአጥሯ ብቅ ብላ አየቻትና እንዳላየ ሰው ተመለሰች፤ ከሰላምታም ከስድብም የከፋ ነገር ነበር።

አድማሴ ደጁ ላይ ካራውን እየጠረገ ነበር። ሲያያት ብድግ አለ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«እትዬ አልጣሽ! ምነው እርስዎ መጡ? ልጅቷን ልከው ቢያስጠሩኝ እኔ እመጣ አልነበረም?»

«ሳትጠራ መምጣትህን ነበር ስጠብቅ» አለች፤ ልትቆጣው አስባ ነበር፣ ቁጣው አልመጣላትም።

«ፈርቼ ነው፣ እትዬ። ከጋሽ ባምላኩ ደጅ ካራ ይዤ በምን ዓይኔ ልግባ?»

እውነቱን ነው። እሱ ማክበሩ ነው፤ ሴቶቹም ማክበራቸው ነው። ሁሉም ባምላኩን አክብሮ አክብሮ ቤቱን ባዶ አስቀረው።

ሴቶቹ ከአጥሩ ሥር በተጋደመ ግንድ ላይ ዶሮዎቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ሥርጉት ፈቀቅ አለች። ቀጥላ አስካለ ማርያም ፈቀቅ አለች። በመካከላቸው አንዲት ሴት የምትበቃበት ቦታ ተከፈተ። አልጣሽ «አልቆይም፣ ባሌ ብቻውን ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ቦታው ግን ለእሷ ተለቅቋል፤ አልቀመጥም ማለት እነሱን መናቅ ይሆናል። ተቀመጠች። አስካለ ማርያም እጇን አልጣሽ ጉልበት ላይ ጣል አደረገች፤ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው። አልጣሽ የባልቴቷን እጅ ልታነሳው ፈለገች፤ ግን ተወችው።

ቤት ስትመለስ መስከረም ዛፉን መልሳ አቁማዋለች። ውኃ ተጥዷል። ባምላኩ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ የታረደውን ዶሮ አየና ዓይኑን መለሰ።

«ማን ማን ነበሩ?» አለ።

«ሥርጉት ነበረች። አስካለ ማርያም። የሟቹ የወንዳወቅ ሚስት። ያቺ ከላይ ሰፈር የመጣችው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አልነበረም።»

«አንዷን አስቀረሻት።»

አልጣሽ ዶሮውን ሰፌዱ ላይ አስቀመጠች። 

«አላስቀረኋትም» አለች። «እሷ ባል አላት።»

ባምላኩ በግራ እጁ መደቡን ተደግፎ፣ ሳታግዘው፣ እንደ ምንም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም፤ አባቱን ሲቀብር እንኳ አላለቀሰም። እሷም ጀርባዋን ለጀርባው ሰጥታ መደቡ ጫፍ ተቀመጠች። መስከረም ከጓዳ ወጥታ «እማ፣ ውኃው ፈልቷል፤ የዶሮው ላባ ይነጭ እንጂ» አለቻት። አልጣሽ ሰምታታለች፤ ግን አልተነሳችም።