ፈረስ የሚበላ ዝንብ

ጋምቤላ ከተማ ፈረስ የለም። ያኔም አልነበረም። አህያ እንኳን ከደጋ ጭነት ይዛ ትወርድና ሳትሰነብት ትመለሳለች፤ ከሰነበተች አትመለስም። እኔ በዚህች ከተማ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ጨውና አጎበር እየሸጥኩ ስድስት ዓመት ኖሬ ነበርና ፈረስ ለምን እንደሌለ አሳምሬ አውቃለሁ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ በኋላ "ምስኪን፣ ሳያውቅ ነው" የሚል ደግ አንባቢ እንዳይኖር ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ክልል በተባልን ሰሞን ነው። ለቢሮዎቹ ስም ወጥቶላቸው ወንበርና ጠረጴዛ ግን ገና አልደረሰላቸውም ነበር። በዚያ ሰሞን አንዲት ረጅም፣ ጸጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ሱቄ ድረስ መጣች። በሌላ አገር በፈረስ እየዞረች አውሬ ስታይ የኖረች ሴት ናት። ዝናብ ሊገባ ሲል ከጎግ ባሻገር ባለው ሜዳ ነጭ ጆሮ ቆርኬ በሺህ እየሆነ እንደሚያልፍ ሰምታለች፤ እሱንም በመኪና ሳይሆን በፈረስ ሄጄ ነው የማየው አለች። እንግሊዝኛ ያውቃል ብለው ነው ወደ እኔ የላኳት። የእኔ እንግሊዝኛ ስደተኛ ካምፕ በር ላይ ብርድ ልብስ ስገዛ የተማርኩት ነው። ለመግዛትና ለመሸጥ ይበቃል፤ ለመዋሸትም አያንስም።

"ዝንቡስ?" አለችኝ። ዝንቡን በእነሱ አጠራር ስለጠራችው የትኛውን እንደምትል ገብቶኛል።

"ትንሽ አለ። በዚህ ወቅት ደግሞ ይቀንሳል" አልኳት።

ከተሳካላት በየዓመቱ ሰው ይዛ እንደምትመጣ ነግራኛለች። እኔም ሳሙና መሸጥ ሰልችቶኝ ነበር።

ጎሬ ወጣሁና ባለ ፈረስ ፈልጌ አገኘሁ። ሃምሳውን ያለፈ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጅ የለውም፣ መሬት የለውም። ያለው አራት ፈረስ ነው፤ አምባላዩ፣ ዳማው፣ ቦራውና ጉራቻው። በመልካቸው ነው የሚጠራቸው፤ እነሱም ሲጠራቸው ቀና ይላሉ። ከገበያ ገበያ ሰውና ጭነት የሚያመላልሰው በእነሱ ነው። ጎሬ ላይ ሰላምታ የሚሰጡትም "ፈረሶቹ እንዴት ናቸው?" ብለው ነው፤ እሱን ለብቻው እንዴት ነህ የሚለው አልሰማሁም።

ከብትና ፈረስ የሚጨርሰውን ገንዲ የሚባለውን በሽታ ያውቃል፤ ይፈራልም፤ ከዝንብ እንደሚመጣ ግን አያውቅም። የእሱ ገንዲ ግን ዲዴሳ ሸለቆ ውስጥ የሚኖር፣ አድራሻው የታወቀ በሽታ ነበር።

"ዲዴሳ አንወርድም አይደል?" አለኝ።

"ኧረ ዲዴሳ በሌላ በኩል ነው ጋሼ" አልኩት። ይህን ስል እውነቴን ነበር።

ወርደን ጋምቤላ ስንደርስ የፈረንጇ የፈቃድ ወረቀት አላለቀም። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ፈራሚው ተሹሟል፤ ማህተሙ ግን ገና እየተቀረጸ ነው ተባለ። ማህተም ስንጠብቅ ዘጠኝ ቀን ሄደ። ዘጠኙንም ቀን ፈረሶቹ ባሮ ዳር፣ ጥላው ደስ በሚለው ቁጥቋጦ ውስጥ ሲግጡ ዋሉ። ዝንቡም ጥላ ነው የሚወደው።

መሪያችን የጎግ ሰው፣ አኙዋ ነው። ድሮ አዳኝ ነበር፤ አሁን ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ይመታል። አማርኛውን የተማረው በትምህርት ቤትና በገበያ ነው። "እርስዎ" የሚባል ነገር አያውቅም፤ አስተዳዳሪውንም ፍየሉንም "አንተ" ነው የሚለው። የሚያውቃትን ቃል ግን ቦታዋን አያሳታትም።

ከመነሳታችን በፊት ባለ ፈረሱ ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ አምባላዩን ያጥባል። መሪው ዳር ላይ ተቀምጧል።

"እስቲ ጠይቅልኝ" አለኝ ባለ ፈረሱ፣ ሰውዬው አማርኛ እየሰማ። "እዚያ የምንሄድበት ፈረስ የሚበላ አውሬ አለ?"

መሪው የእኔን ትርጉም አልጠበቀም። "አንበሳ አለ። ግን አንበሳ ሰው ይፈራል። ፈረስ የሚበላ ዝንብ ነው።"

ባለ ፈረሱ ሳቀ። "ዝንብማ ይብላው። ጭራ ለምን ተሰጠው ታዲያ?"

በእኛ አማርኛ ትንኝም ቁንጫም ይበላል። "ትንኝ በላኝ" ያለ ሰው ትንሽ ያክከውና ወደ ሥራው ይሄዳል። በሽታም ይበላል፤ በሽታ የበላው ግን አይነሳም። መሪው የተናገረው ሁለተኛውን ነው፤ ባለ ፈረሱ የሰማው የመጀመሪያውን ነው። ሁለቱንም የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ሰምቼም ከባለ ፈረሱ ጋር አብሬ ሳቅሁ።

መሪው ተራ በተራ አየን። "ምን ያስቃል?" አለ።

ባለ ፈረሱ አምባላዩን ማጠቡን ቀጠለ።

ፈረንጇ አምባላዩ ላይ፣ ባለ ፈረሱ ዳማው ላይ፣ እኔ ቦራው ላይ ሆነን ተነሳን። ጉራቻው ጭነቱን ተሸከመ። መሪው "እኔ እግር አለኝ" ብሎ በእግሩ ከፊት ከፊታችን ሄደ። እኔ ፈረስ ላይ ስቀመጥ የሩዝ ጆንያ ነው የምመስለው፤ በመጀመሪያው ቀን ማታ ስወርድ እግሮቼ አልገጥም ብለው ባለ ፈረሱ ደግፎ አቆመኝ። "ነጋዴ ቁጭ ማለት የሚችለው በርጩማ ላይ ነው" ብሎ አሾፈብኝ። በዚያ ጉዞ የምወደውን ሰዓት ንገር ብባል እሱን ነው የምናገረው።

በሁለተኛው ቀን አቦቦን አልፈን አልዌሮ ግድብ አጠገብ ሰፋሪዎች መንደር አረፍን። በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚያው የቀሩ ገበሬዎች ናቸው። ፈረስ ካዩ ዓመታት አልፈዋልና ልጅ አዋቂው ወጥቶ ከበበን። ባለ ፈረሱ ፈረሶቹን ውሃ ሊያጠጣ ወረደ። ነጭ ቆብ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው ክንዴን ያዙኝ።

"እነዚህ ከደጋ ከወረዱ ስንት ቀን ሆናቸው?"

"አሥራ ሁለት አባቴ።"

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩና ተዉት። "እኛ ሁለት ጊዜ በሬ ሞክረን ነበር። ሁለቴም ገንዲ ጨረሰብን። ይኸው በእጃችን ነው የምንቆፍረው።" መዳፋቸውን አሳዩኝ። "ባለቤቱ ያውቃል?"

"ያውቃል" አልኳቸው።

"ካወቀማ ምን እላለሁ።"

ባለ ፈረሱ ሲመለስ ለፈረሶቹ እሸት በቆሎ ከነአገዳው አቅርበው ጠበቁት። "አላህ ያቁምልህ" አሉት። የወጉ ምርቃት መስሎት "አሜን" አለ። ጎንበስ ብሎም እጅ ነሳቸው።

ከጎግ በኋላ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ሣሩ ተቃጥሎ ለምለሙ ገና እየበቀለ ነበር። በስድስተኛው ቀን ጠዋት መሪው እጁን አነሳና ቆምን። መጀመሪያ የጥላ እንቅስቃሴ መሰለኝ፤ ቆርኬ ነው። ወንዶቹ ጥቁር፣ ጆሯቸው ነጭ፤ ሴቶቹ ቀይ ዳማ። ሜዳው ራሱ ተነስቶ የሚሄድ ይመስላል። ባለ ፈረሱ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

"ይኼ ሁሉ ባለቤት የለውም?" አለ።

"ባለቤት የለውም። ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ሱዳን ነው" አለ መሪው።

"ታዲያ ያንተ ዝንብ እነዚህን አይበላቸውም?" አለው እየቀለደ።

"ይበላል። ግን እነሱ ለምዷል። ፈረስ አልለመደም።"

ያን ጊዜ ባለ ፈረሱ አልሳቀም። ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ቆርኬ አያለሁ። እሱ ከኮርቻው ጎንበስ ብሎ ቢያይ ዳማው አንገቱን ጥሎ፣ ለምለሙ ሣር መሀል ቆሞ አይግጥም።

በማግስቱ የዳማው ዓይን ያነባ ጀመር፤ ከሆዱ ስር አብጧል፤ ጸጉሩ ቆሟል። ባለ ፈረሱ "ውሃው ነው" አለ። ፌጦ በጥብጦ አጠጣው፤ ጆሮውን በጥቶ ትንሽ ደም አፈሰሰለት፤ በጋቢው አለበሰው። ዳማው እንደ ሐኪም ቤት ወረፋ ጠባቂ ዝም ብሎ ታከመ። ፈረንጇ መጥታ ከንፈሩን ገለጠች፤ ድዱ ነጥቷል። ወደ ቦራው ሄደች፤ የእሱም እንደዚያው ነው። ተመልሳ ፊቴ ቆመችና ያንን የዝንብ ስም ጠራች። ቀጥላም፣ "ይህ ሰው ያውቅ ነበር፣ አይደለም?" አለችኝ።

"ምን አለች?" አለ ባለ ፈረሱ።

ወደ ቦራው ዞር አልኩ።

"ምን አለች ነው የምልህ።"

"ዝንብ ነው አለች።"

"የምን ዝንብ?"

መሪው ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ ተናገረ። "እኔ ነግሬሃለሁ። ባሮ ላይ ነግሬሃለሁ። ፈረስ የሚበላ ዝንብ። አንተ ሳቅህ፣ እሱም ሳቀ። ምን ያስቃል አልኩ።"

ባለ ፈረሱ ከመሪው ጋር ሙግት አልገጠመም። ወደ እኔ ዞረ።

"እሱ ባለው ቃል ነግሮኛል" አለኝ። "አንተ አማርኛ አፍህን የፈታህበት ነው። ስሙ ማን ነው የዚህ በሽታ?"

"ገንዲ።"

"እሷን ቃል ጎሬ ላይ ብትላት ምን ይሆን ነበር?"

"አይወርዱም ነበር ጋሼ።"

"አልወርድም ነበር" አለ። ልብሱን አራግፎ ወደ ዳማው ሄደ። አልተሳደበም። እኔ ስድቡን እየጠበቅሁ ነበር፤ ቢሰድበኝ መልስ አላጣም፤ ከመልስም ወደ ክርክር፣ ከክርክርም ወደ ካሣ እናልፍ ነበር። የእኔ መንገድ ያ ነው። እሱ ግን አልመጣልኝም።

ዳማው እዚያው ሜዳ ላይ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከዚያ ወዲያ ፈረስ ላይ የተቀመጠ የለም። ፈረንጇ አምባላዩን ለባለ ፈረሱ አስረክባ የራሷን ሻንጣ በጀርባዋ አዝላ ሄደች። እንግሊዝኛዬን ከዚያ በኋላ አልፈለገችውም፤ ከመሪው ጋር በእጅ ምልክት ይግባባሉ። ቦራው ጎግ ሳንደርስ ተኛ። ባለ ፈረሱ ግማሽ ቀን አጠገቡ ተቀምጦ ዝንብ ሲከላከልለት ዋለ።

ከጎግ እነሱ በእግር ወደ አልዌሮ ሲከተሉ፣ እኔ በጭነት መኪና ቀድሜ ጋምቤላ ገባሁ፣ መድኃኒት ልፈልግ። የእንስሳት ሕክምና ቤቱ በር ተቆልፏል። ቁልፉ ከሐኪሙ ጋር፣ ሐኪሙ ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱ ከሰዓት ወጣና በውሃ ተበጥብጦ የሚወጋ ሦስት ከረጢት ዱቄትና መርፌ ሰጠኝ።

"ለከብት የመጣ ነው። ፈረስ ላይ ሞክሬው አላውቅም" አለ። "ፈረስ እዚህ ማን ያመጣል?"

"አንድ ሞኝ" አልኩት።

"ሞኙ አንተ ነህ?"

"እኔ ነጋዴው ነኝ።"

አልዌሮ ስመለስ ጉራቻው ሞቶ፣ ሰፋሪዎቹ በመቆፈሪያቸው ጉድጓድ ቆፍረው እየቀበሩት ደረስኩ። ሽማግሌው ካፋፍ ላይ ቆመው አዩኝ። "ያውቃል አልከኝ" አሉና ፊታቸውን መለሱ። አምባላዩ ብቻ ቆሟል። መርፌውን ባለ ፈረሱ ራሱ ወጋው።

ኤንትሬ የጭነት መኪና ለምነን ጫንነውና ጋምቤላን ሳንቆም አለፍን። ፈረንጇ ከተማው ላይ ወረደች፤ ዞራ አላየችኝም። ወደ ቡሬ የሚያስወጣው ዳገት ስር ሲደርስ ሾፌሩ መኪናውን አቆመ። "ጠመዝማዛው ላይ ይወድቅና ይሰበራል፤ ከዚህ በእግሩ አውጡት" አለን። አወረድነው። ኮርቻዎቹንም አራቱን አወረድን።

ሁለት ቀን ቀስ እያልን ወጣን። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት የደጋው ንፋስ መጣ። አምባላዩ አፍንጫውን አነሳ፤ መንገድ ዳር ጥቂት ሣር ነጨ። ከአምስት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ነው። ባለ ፈረሱ ከሜዳው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አናገረኝ። "በላ፣ አየህ?" አለኝ። እኔም "አየሁ ጋሼ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ምናልባት ሁለት መቶ እርምጃ ሄደናል። የፊት እግሮቹ ታጠፉ፤ እንደሚሰግድ ሆኖ ወረደና በጎኑ ተጋደመ። ባለ ፈረሱ ራሱን በጭኑ ላይ አደረገለት። ብዙም አልቆየም።

ከሱ ጋር ቅጠል ቆርጠን ሸፈንነው። ከዚያ ሁለት ኮርቻ አንስቼ ትከሻዬ ላይ ጫንኩ።

"አስቀምጥ" አለኝ።

"ጋሼ፣ አራት ኮርቻ ለብቻዎት…"

"አስቀምጥ። አንተ ወደ ታች ነህ።"

አስቀመጥኩ። ሁለቱን ተሸከመና ዳገቱን ወጣ፤ ኩርባው ላይ ሲደርስ አወረዳቸው። ባዶ እጁን ተመልሶ መጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም፤ የቀሩትን ሁለት ተሸክሞ ወጣ። ከኩርባው በላይም እንደዚሁ ያደርግ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሁለቱን ይወስዳል፣ ለሁለቱ ይመለሳል። ጎሬ ድረስ ሩቅ ነው። እኔ ወደ ታች የሚሄድ መኪና እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።