የጅብ ሽንኩርት በአዳማ

አዳማ ላይ አበባ መትከል ከጎረቤት ጋር መጣላት ነው። እኔ የተከልኩት ደግሞ የደጋ አበባ ነው፤ እናቴ በተወለደችበት በጭላሎ ተራራ ላይ የሚበቅለውን፣ እኛ ቤት የጅብ ሽንኩርት የምንለውን፣ ሲያብብ ጫፉ እንደበራ ጧፍ የሚሆነውን። እናቴ ልቧን ካመማት ወዲህ ሐኪሙ ከፍታ ቦታ ከልክሏታል። «አገሬን አንዴ ልየው» እያለች ስትነዘንዘኝ፣ ዘሩን ከዚያው አስመጣሁላት። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉኝ ጎረቤቶቼ። ይበሉ።

አበቃቀሉ እንዲህ ነው። ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ ታከርሙታላችሁ፤ ብርድ ካልቀመሰ አይነቃም። ብሎኬት ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቀላል ጠጠር ከአፈሩ ጋር እኩል ትቀላቅላላችሁ። የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል፤ ከሰዓት ጥላ ይሁን። ውሃ ግን ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከታችሁ ደረቅ ሲሆን ብቻ! ሥሩ ላይ ውሃ ከተኛበት በቃ፣ ይበሰብሳል።

ይህን ለማን ልንገር? እናቴን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ይበላና እጁን ይታጠባል፤ ከዚያ እጣቢውን ወስዶ አበባዬ ላይ ይደፋዋል። ከነቅባቱ፣ ከነሳሙናው! «በዚህ ሙቀት ይጠማዋል እኮ፣ ነፍስ አለው» ይሉኛል። ኤዲያ! ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ላይ ጮሄ ስንት ቀን ተኮራርፈናል።

በሦስተኛው ዓመት አገዳ አወጣ፣ እምቡጥ ያዘ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቅጠሉ መሬት ላይ ተኝቷል። ሳብ ባደርገው ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ፤ ሥሩ ይሸታል። አበድኩ። ግቢው መሃል ቆሜ «ማነው የገደለብኝ?» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠች። «ስትወጪ ጠብቄ አጠጣዋለሁ። ፀሐይ ላይ ሳየው አንጀቴን በላው።»

«እማዬ! ለአንቺ ብዬ አይደል እንዴ የለፋሁት?»

«እኔ አበባ አምጪልኝ አልኩሽ? አገሬ ውሰጂኝ ነው ያልኩሽ።»

«ሐኪሙ አይሆንም ብሏል!»

«ሐኪሙን ማን ጠየቀው? የጠየቅኩት አንቺን ነው።»

ንዴቴ አልበረደም። በሷ፣ በሐኪሙ፣ በዚህ በሚያቃጥል ከተማ፣ እሷ «ውሰጂኝ» ባለች ቁጥር ፍሪጅ ከፍቼ ዘር በማየው በራሴም ተቃጠልኩ። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ገባሁና አዳማ ከወረደች ወዲህ ለብሳው የማታውቀውን ወፍራም ሹራቧን ከሻንጣ አወጣሁ። ጉልበቷ ላይ ጣልኩላት።

«ነገ ጠዋት!» አልኳት፣ እየጮህኩ።