የዲልሳ ችካል

ሰው ስለ ዲልሳ ማንጋ ሲያወራ «ያቺ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀችው» ሲል ደሜ ይፈላል። ምን ወደቀች! እኔ እንዳልገባ ብላ ነው የገባችው። ያን ቀን ሞተሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ኡባልዶ። ሴት ልጄን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት፣ አበልጄ ናት። ስለዚህ ከኔ ስሙት።

ዲልሳ የበቆሎ ሊጥ በቅጠሉ ጠቅልላ የምትቀቅለውን ቦዮ በትልቅ ሳፋ ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማ ሠላሳ ዓመት የዞረች ሴት ናት። ከማግዳሌና ወንዝ ዳር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ድምጿን የማያውቅ የለም። አንዱ ቀልደኛ «ቦዮሽ ትኩስ ነው?» ካላት «ከሚስትህ ፊት ይሞቃል!» ትለዋለች። ሰውየው እየሳቀ ሁለት ይገዛል።

በየካቲት፣ ሕዝቡ በካርኒቫል ጭፈራ ሲያብድ፣ ሌቦች ደጃፏ ያለውን የፍሳሽ ጉድጓድ የብረት ክዳን ነቅለው ሄዱ። ማዘጋጃ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። አንዴ «ማመልከቻ ጻፊ»፣ አንዴ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ በሦስተኛው ማመልከቻዋን ተቀብለው አንዲት ማኅተም እንኳ ሳያሳርፉላት መስኮቱን ዘጉባት። ቤቷ ገባች፣ ከጓሮዋ አጥር ጭን የሚያህል የማታራቶን ችካል ነቀለች፣ አስፋልቱ በተሰነጠቀበት የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቸከለችው። እኛ አገር ጉድጓድ ያየ ሰው፣ ሌላው እንዲጠነቀቅ፣ ወይ ቅርንጫፍ ወይ አሮጌ ጎማ ያቆምበታል። ማታራቶን ደግሞ ግትር እንጨት ነው፣ ቆርጠህ ብትተክለው ይበቅላል። ለፋሲካ ቅጠል አወጣ።

በጥቅምት ያ ዝናብ መጣ። መንገዳችን ወንዝ ሆነ። እኔም ተሳፋሪ ፍለጋ፣ ዓይኔን ዝናብ ጋርዶት፣ ሞተሬን እያበረርኩ ቁልቁል መጣሁ። ችካሉም ጉድጓዱም አልታየኝም። ዲልሳ ግን አየችኝ። እስከ ጉልበቷ በሚደርስ ጎርፍ ውስጥ ገብታ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆመች፣ ነጠላ ጫማዋን እያውለበለበች «አንተ እብድ! ወደ ግራ!» ብላ ጮኸች። ወደ ግራ ታጠፍኩ። በዚያው ቅጽበት የቆመችበት ጠርዝ ተናደ። ስናወጣት ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳፋ አልተሸከመችም።

ከወር በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ ጠበቃ አራሶላ መጣ። ጠበቃን «ዶክተር» ማለት ወጋችን ነው። ዶክተር አራሶላ ሽቶውን አርከፍክፎ፣ ወረቀት ይዞ፣ «አደጋው በራስዎ ቸልተኝነት የደረሰ መሆኑን ይፈርሙልን እንጂ፣ በገበያው ጥላ ያለው መደብ ይሰጥዎታል» አላት።

«ጉድጓዱ የናንተ፣ ዳሌው የኔ! ቸልተኝነቱን ደግሞ ለኔ ትመርቁልኛላችሁ?»

እኔ ሞኙ «አበልጄ፣ ፈርሚ። ቁጭ ብለሽ ትሸጫለሽ» አልኳት።

«አንተ ሞተርህን ንዳ!» አለችኝ። «መደቡን ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው? ስሜን ነው የፈለግሁት። አይጥ በበላ ዳዋ አይመታም!»

ማዘጋጃ ቤቱን ከሰሰችው። ፍርድ ቤት ስንቀርብ አራሶላ በሁለት ቢላ መጣ። አንደኛ፣ ክዳኑ የተሰረቀው አደጋው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው አለ። «ለከተማችን ንግሥ፣ ለሳን ሮኬ በዓል፣ በነሐሴ፣ ሠራተኞቻችን መንገዱን ሲያስውቡ ክዳኑ በቦታው ነበር፣ ያላወቁትን አለመጠገን ቸልተኝነት አይባልም» አለ። ሁለተኛ፣ ችካሉን የተከለችው እሷ ከሆነች አደጋውን እያወቀች ነው የገባችበት። የኛ ጠበቃ በጆሮዋ «ስለ ችካሉ ትንፍሽ እንዳትዪ» ብሏት ነበር።

ዲልሳ ክራንቿን ተደግፋ ተነሳች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የተከልኩት እኔ ነኝ! በካርኒቫል ሳምንት! ሌላ የሚተክል ሰው ስለጠፋ!»

አራሶላ ፈገግ አለ። እኔ በልቤ በቃ፣ አለቀልን አልኩ። ዳኛዋ ግን ኮስተር ያሉ ሴት ናቸው፣ «ሐሙስ ሄጄ በዓይኔ አየዋለሁ» አሉ።

ረቡዕ ጠዋት ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? የማዘጋጃ ቤት መኪና፣ አዲስ ክዳንና መጋዝ ጭኖ! ይሄን ሁሉ ወር የት ነበራችሁ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዲልሳ የላስቲክ ወንበሯን ጎትታ ግንዱን ተደግፋ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ይነሱልን፣ ታዘን ነው።»

«እኔ አላዘዝኩህ! መቁረጥ ከፈለግህ ከነወንበሬ ቁረጠኝ። ነገ ዳኛዋ ሳያዩት ቅጠሉን አትነካትም።» ሰፈሩ ከኋላዋ ተሰለፈ፣ እኔም ሞተሬን መንገዱ ላይ አጋደምኩት። ክዳናቸውን እንደጫኑ ተመለሱ።

ሐሙስ ዳኛዋ መጡ። ችካሉ ከጣሪያው በላይ ዛፍ ሆኗል። ግንዱ እስከ ወገብ በኖራ ነጭ ተቀብቷል፣ ከኖራው በላይ አረንጓዴ ቀለበት ዞሮበታል። ዝናብ ቢያደበዝዘውም ይለያል።

«ዛፍ እንዲህ የሚቀባው ማነው?» አሉ ዳኛዋ።

መንገዱ በሙሉ ሳቀ። ለሳን ሮኬ በዓል የከተማውን ግንድ ሁሉ እንዲህ የሚቀባው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ ይሄንን ልጅም ያውቃል።

«የኛ ሠራተኞች ናቸው፣ በነሐሴ። እኔም ብያለሁ» አለ አራሶላ፣ እየኮራ።

ዳኛዋ ዛፉን ሊዞሩ ፈልገው አልቻሉም፣ ጉድጓዱ አገዳቸው። አንገታቸውን አስግገው አዩ። «ታዲያ ይሄን ጎን ለምን ተዉት?»

ሁላችንም አጎንብሰን አየን። ግንዱ በሦስት ጎኑ ነጭ ነው። በጉድጓዱ በኩል ግን ከሥር እስከ ላይ ጠብታ ኖራ የለውም። በየቀኑ በዚያ ሳልፍ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም።

«ዶክተር፣» አለች ዲልሳ፣ «ክዳን ከሌለ ቀቢው የት ይቁምልዎ? አየር ላይ?»

ፍርዱ የሚቀጥለው የሳን ሮኬ በዓል ሳምንት ሲቀረው ወጣ። ካሳም ተፈረደላት፣ እሷ ግን ማንበብ ስለሚያደክማት «ስሜ ያለበትን ብቻ አንብብልኝ» አለችኝ። «ቸልተኝነቱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። በዲልሳ ማንጋ በኩል አንዳችም ጥፋት የለም።» ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። በሦስተኛው እንባዬ መጣ። ዳሌዋ አልዳነም፣ አይድንምም።

በማግስቱ መኪናው ክዳኑን ይዞ ተመለሰ። ገጠሙት። ለበዓሉ ደግሞ አንድ ቀቢ ባልዲውንና ብሩሹን ይዞ አብሮ መጥቶ ነበር፣ የአምናው ራሱ። አቀርቅሮ «እትዬ፣ ዛፉን እንቁረጠው ወይስ ይቆይ?» አላት።

ዲልሳ ክራንቿን አንስታ ያልተቀባውን ጎን አሳየችው።

«አሁን መቆሚያ አለህ። ቅባው!»