ለባለቤቱ ሳይነበብ አይደርቅም

የቅዳሜው የጽሕፈት ማኅበራችን መሥራችና መምህር የነበሩትን ወይዘሮ አስካለን ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የተነበበው የሕይወት ታሪካቸው «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» ይላል። ወረቀቱን የጻፈው የእህታቸው ልጅ ነው፤ ለምን እንዲህ ብሎ እንደጻፈም አውቃለሁ። ነገር ግን እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ እውነቱን ልንገራችሁ። ወይዘሮ አስካለ ሕመም አላደረባቸውም። ተመተው ነው የሞቱት። ጭንቅላታቸው ላይ የግንባታ ፌሮ ብረት አርፎባቸው፣ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝተው ሞቱ። የመታቸው ራሳቸው ያስተማሩት ልጅ ነው። ፌሮውን ያስነሳው ደግሞ የእኔ ጽሑፍ ነው።

ይህን ስጽፍ ንዴቴ ገና አልበረደም። ከንዴቴም የሚበዛው በራሴ ላይ ነው።

እትዬ አስካለ፣ እንደለመድኩት እንዲህ ልበላቸውና፣ ዕድሜያቸውን በክር ፋብሪካ የጨረሱ ሴት ነበሩ። ማሽኑ ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ወስዶባቸዋል፤ ጩኸቱ ደግሞ የቀኝ ጆሯቸውን ደፍኖ ግራውን አድክሞታል። ጡረታ ሲወጡ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። የወጣት ማእከሉን አዳራሽ ደጅ ጠንተው አስፈቀዱና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛን ሰበሰቡን፤ ከገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቃሊቲ መጋዘኖች ጀርባ ካሉት ሰፈሮች። አንዱ የባቡር ሠራተኛ የልጅ ልጅ ነው፤ ሌላው አያቱ ያረሱት ማሳ ላይ በተሠራ ፎቅ የሚኖር። ሥራችን የየቤታችንንና የየቀዬያችንን ታሪክ ከአዛውንቶች አፍ ሰምተን መጻፍና በትልቁ ደብተር ላይ ማስፈር ነበር።

ሕጋቸው አንድ ብቻ ነው። «ጽሑፍ ለባለቤቱ ሳይነበብ አይደርቅም» ይሉ ነበር። ባለቤት የሚሉት ጸሐፊውን አይደለም፤ ታሪኩ የሚነካውን ሰው ነው። ስለ አጎትህ ከጻፍክ ለአጎትህ ታነባለህ፤ ስለ ጠላትህ ከጻፍክም ለጠላትህ። ከዚያ በፊት ደብተሩ ላይ አይሰፍርም፣ አዳራሽ ውስጥም አይነበብም።

እኔ ቃሊቲ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምሠራው። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሩ በጥፊ አጮለኝ። ቅዳሜ ሁለት ገጽ ሙሉ እርግማን ጽፌ ሄድኩ። እትዬ በግራ ጆሯቸው ዘንበል ብለው፣ ጮክ አስደርገው አስነበቡኝ።

«ሸጋ ነው» አሉ ስጨርስ። «እሱስ ምን አለ?»

«ማን?»

«ባለቤቱ ነዋ!»

«እትዬ፣ ያባርረኛል እኮ!»

«እንግዲያው እኔ ፊት ያባርርሽ።»

ሰኞ በሥራ መውጫ ሰዓት ፋብሪካው በር ላይ አብረውኝ ቆሙ። ሰውዬው መጀመሪያ ሳቀ። ጥፊው ያለበት መስመር ላይ ስደርስ፣ እትዬ ያቺን ባለ ሦስት ጣት እጃቸውን አንስተው «ዝም ብለህ ስማ!» አሉት። ሰማ። ይቅርታ አልጠየቀኝም። ግን ከዚያ ወዲህ በእኛ የስፌት መስመር እጁን ያነሳበት ሰው የለም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለት ልጆች እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተደባድበው አንደኛው ጩቤ መዘዘ። እኛ ወደ በሩ ስንሮጥ እትዬ ጩቤውን በስለቱ በኩል ጨብጠው ነጠቁት። መዳፋቸው ተተልትሎ ደሙ ጠረጴዛው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ወረቀት ሰጧቸው። «የተበደላችሁትን አይደለም፤ የበደላችሁትን ጻፉ» አሏቸው። ቁስላቸውን በነጠላቸው ጫፍ አስረው እስኪጨርሱ ጠበቋቸው፤ ከዚያ ዳቦና ሻይ ጋብዘው ሸኟቸው። «ደም ያለበትን ታሪክ አትፍሩ፤ የሚያስፈራው የተሸፈነው ነው» ያሉን ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ።

አንድ የቀዬው ሽማግሌ አንድ ታሪክ ነገሩኝ። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ፣ ቦታው የጤፍ ማሳ ሳለ፣ አንድ ገበሬ በድንበር ተጣልቶ ጎረቤቱን በመጥረቢያ ፈልጦ ገደለ። የገዳይና የሟች ወገን ጉማ በሚባለው የእርቅ ሥርዓት በሽማግሌ ፊት ደም አደረቁ። ዳግም ላያነሱት፣ ለልጆቻቸውም ላይናገሩት ተማማሉ። የሟቹ የልጅ ልጅ ለሚ ይባላል፤ አያቱ ፈረስ ጥሏቸው እንደሞቱ ነው ሲነገረው ያደገው። የገዳዩ የልጅ ልጅ ገመቹ ነው፤ እሱም ምንም አያውቅም። ለሚና ገመቹ በማኅበራችን አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ አንዱ ካልመጣ ሌላው አይመጣም።

ሽማግሌው «ስም እንዳትጠሪ፣ ልጄ» ብለውኝ ነበር። እኔ ስም ጠርቼ ጻፍኩ። ስም ሲኖረው ታሪኩ ይከብዳል ብዬ ነው። ቤተሰቦቻችን የሚጋበዙበት የዓመቱ መዝጊያ ደርሶ ነበርና አዳራሹ በእኔ ንባብ ጸጥ እንዲል ፈለግኩ። ለሁለቱ ቤቶች አስቀድሜ ባነብላቸው እንደሚከለክሉኝ አውቅ ነበር።

ከመድረኩ በፊት እትዬ ጠሩኝ።

«ለባለቤቶቹ አንብበሻል?»

«አዎ፣ አንብቤያለሁ» አልኳቸው።

ዋሸሁ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ «ስምሽን ያወጡልሽ ሳያዩሽ ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ያን ቀን ግን አመኑኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «በርቺ» አሉኝ።

አነበብኩ። የገመቹ አያት ከፊት ወንበር ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስማቸው ከአፌ ሲወጣ ከዘራው ከእጃቸው ወደቀ። ለሚ ወደ ገመቹ ዞረ።

«የእኔን አያት? ፋዘር ፈረስ ነው ያለኝ እኮ! አንተ ታውቅ ነበር?»

«ወላሂ አላውቅም» አለ ገመቹ፣ ለመሐላ የሰፈሩን ሁሉ አፍ እየተዋሰ።

ለሚ በሩን በእርግጫ ብሎት ወጣ። ከአዳራሹ ጎን ሕንጻ እየተሠራ ስለነበር ፌሮ ተከምሯል፤ አንዱን መዞ ተመለሰ። ወንበሮች ተገለባበጡ፣ ሰው እርስ በርሱ ተረጋገጠ። ገመቹ ሊይዘው ሲሞክር ክንዱ ላይ አሳረፈበት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ከዚያ ወደ አያትየው ሄደ። እኔ ወረቀቴን ይዤ እንደተገተርኩ ነኝ። አንዲት እርምጃ አልተራመድኩም። እትዬ ግን ጫጫታውን በደንብ ባይሰሙትም ፌሮው ሲነሳ አዩ፤ በብረቱና በገመቹ አያት መካከል ገቡ።

የተመቱት በግራ በኩል ነው፣ በሚሰሙበት ጆሮ። ወድቀው ጠረጴዛውን ይዘውት ሲሄዱ ትልቁ ደብተር አጠገባቸው ተዘረጋ፤ ደሙ የስንቱን ቤት ታሪክ አራሰው። ለሚ ፌሮውን ጥሎ ተንበረከከ። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጁ ይዞ «እትዬ! እትዬ!» ይል ነበር።

በአራተኛው ቀን ዓይናቸውን ገለጡ። እኔን ሲያዩ ድምፃቸው እየተቆራረጠ «አላነበብሽላቸውም፤ አይደል?» አሉኝ። ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ። «ሂጂ፤ አሁንም አንብቢላቸው» አሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም።

ለገመቹ አያት ሄጄ አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «ስሜን አትሰርዢው» አሉ። «ሰው ሁሉ ረሳልኝ፤ እኔ ግን ረስቼው አላውቅም።» ለሚ ወዳለበት እስር ቤት ለመግባት ፈቃድ ስጠብቅ የእትዬ ሞት ተነገረኝ።

በለቅሶው ድንኳን ሽማግሌዎች የእትዬን የእህት ልጅ ከበው «ሌላ ደም እንዳይፈስ፣ ሕመም ነው ይባል» ሲሉት ሰማሁ። ተነስቼ ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝ። የለሚንም አያት ፈረስ ጣላቸው የተባለው ሌላ ደም እንዳይፈስ ነበር! ያ ፈረስ ስንት ዓመት ጋልቦ መጥቶ እትዬን እንደረገጣቸው አላዩም? ሽፋኑን የገፈፍኩት እኔ ነኝ፤ የገፈፍኩበት መንገድ ግን እንደ ሌባ ነበር። ሁለቱም ጥፋት ነው፤ እሳቸው ያስተማሩን ከሁለቱም የተለየ ነበር።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ ሕጋቸው ይዤው ዞርኩ። ገመቹ ክንዱ በጀሶ እንደታሰረ ሰማኝ፤ ስጨርስ እስከ በር ሸኘኝ። የእትዬ የእህት ልጅ ተቆጣ፣ ወረቀቱን ሊቀድብኝ ነጠቀኝ፣ ከዚያ አለቀሰ፤ መልሶ ሲሰጠኝ «ለቤተሰቡም ተነበበ ይባል» አለኝ። ለሚ በእስር ቤቱ አጥር ማዶ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ውሸቴ ላይ ስደርስ ፊቱን አዞረ። ሊሰድበኝ ይችል ነበር፤ መብቱ ነው።

«የእኔን ስም እንዳትተዪው» አለ። «ነገ ልጅ ብወልድ፣ ፈረስ ምናምን የሚል ወሬ እንዳይሰማ።»

እትዬ አስካለ፣ አንድ ባለቤት ቀርተው ነበር፤ እርስዎ። ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣሁ። እንደ ድሮው በግራዎ በኩል ቆሜ፣ እዚህ ድረስ ያለውን ጮክ ብዬ አነበብኩልዎ። የመቃብሩ ዘበኛ «አንቺ ልጅ፣ ማን ላይ ነው የምትጮኺው?» እያለ መጣ። ጆሮዎ እንደሚከብድ ነገርኩት። ቆቡን አውልቆ እስክጨርስ አጠገቤ ቆመ። «ዋሸሁ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለእርስዎ፣ አንዴ ለራሴ።

ደብተሩን አድርቀነዋል። ደምዎ ያረፈባቸውን ገጾች አልቀደድናቸውም፤ ማኅበሩም ቅዳሜ ይቀጥላል፣ ገመቹም በግራ እጁ መጻፍ ይለማመዳል። ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ እርስዎ ይቅርታን በወሬ አይወዱም ነበር። የጠየቁኝን ብቻ ልመልስልዎና ልሂድ።

አዎ፣ እትዬ። አንብቤያለሁ።