የልብስ ሰፊዋ ልጅ ዩኒፎርም

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «እትዬ ልክ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ለፌዝ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው። ደንበኛ የሰፋችለትን ሱሪ ይዞ «እዚህ ጋ ጠበበኝ» ብሎ ከመጣ፣ ሱሪውን ትታ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ታየዋለች። «ሱሪው አልጠበበም፤ አንተ ነህ የወፈርከው» ትለዋለች። ብዙውን ጊዜ እውነቷን ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ልብስ ተመልሶባት እንደማያውቅ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚችው ኩራት ነው።

ቤቷም ሱቋም አንድ ክፍል ነው። በመንገዱ በኩል የስፌት መኪናዋ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛና ረጅሙ መስታወት አሉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ አልጋው፣ ምድጃውና የልጇ ደብተሮች። አባትየው ልጅቱ ጥርስ ሳታወጣ ጥሏቸው ሄዷል። ልጅቱ ያደገችው ከጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ነው። ደንበኛ ሲወጣ አነጋገሩን እያስመሰለች እናቷን በሳቅ ትገድላት ነበር። «ያንቺን ምላስ መኪናው ላይ ብገጥመው እኔ መርገጥ ይቀርልኝ ነበር» ትላት ነበር እናትየው።

ልጅቱ አሥራ አራት ዓመት ሞላት፣ ስምንተኛ ክፍልም ገባች። ትምህርት ሊከፈት ሲል የትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ ሱቁ ድረስ መጣ። ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ሰው ሁሉ «ጨዋ» የሚለው ሰው ነው። የሴቶቹን ተማሪዎች ዩኒፎርም በሙሉ እንድትሰፋ ለእትዬ ልክ ሰጣት። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይሏል ይኸው ነው። ሊሄድ ሲል፣ «የቀሚስ ልክ የማይጠብቁ ልጆች አስቸግረውኛል፤ በዓይን ገምቼ ስመልሳቸው ይከራከሩኛል» አላት። እትዬ ልክ በዓይን መገመት የሚባል ነገር አትወድም። ከመሳቢያዋ አዲስ ሜትር አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠችው። አለካኩንም አሳየችው፤ ያሳየችው ደግሞ በገዛ ልጇ ላይ ነው። ልጅቱ እጆቿን ዘርግታ እየሳቀች ቆመችላቸው።

ትምህርት ከተጀመረ ሁለት ወር ሳይሞላ ልጅቱ ዩኒፎርሟን ይዛ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች።

«እማ፣ ወገቡን ትንሽ ሰፋ አድርጊልኝ።»

«ወፈርሽ?»

«አልወፈርኩም።»

«እንግዲያው ልክሽ ነው።»

በሳምንቱ እንደገና መጣች። አሁን ወገቡ ብቻ ሳይሆን ጫፉም ይርዘም አለች። እናቷ ለካችው፤ ከጉልበት በታች አራት ጣት፣ ልክ ትምህርት ቤቱ እንዳዘዘው። «ጆንያ ይሻልሻል? ጆንያ ልቁረጥልሽ» ብላ ሳቀች። ብቻዋን ነበር የሳቀችው። በሦስተኛው ልጅቱ «እባክሽ እማ» አለች፣ ድምፅዋም ተቆረጠ። እናትየው ግን መኪናውን እየረገጠች ነበር፤ ቀና አላለችም። «የልብስ ሰፊ ልጅ ተንዘላዝላ ብትሄድ ሰው የሚስቀው በማን ነው?» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ ራሷ ፈታችው። እትዬ ልክ ቀሚሱን ልትተኩስ ስታነሳው የተጣመመ የእጅ ስፌት አየች፤ ወገቡ ተፈትቶ በጥቁር ክር እንደነገሩ ተይዟል፣ ጫፉም ተለቆ ክሩ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ ስፌት ከዚህ ቤት ወጥቶ በመንገድ ሲሄድ እንደነበር ስታስብ ደሟ ፈላ። «ስሜን ልታጠፊው ነው?» ብላ ልጅቱን በጥፊ አለቻት። ከዚያ ተቀምጣ ስፌቱን አንድ በአንድ ተርትራ፣ ቀሚሱን በመኪና ወደ ልኩ መለሰችው። ጥሩ አድርጋ ነው የሰፋችው፤ እጇ ይሰበርና።

ልጅቱ የደንበኛ አነጋገር ማስመሰል ተወች። ጠዋት ጠዋት ሆዴን ማለት ጀመረች። እናትየው «ጉርምስና ነው» አለች፤ ጎረቤትም «ጉርምስና ነው» አለ። ጉርምስና ስንቱን የሰው ኃጢአት ተሸክሞ ይኖራል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ዩኒፎርማቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። አንዷ ወገቡ ይስፋልኝ፣ ጫፉ ይርዘምልኝ አለች። ሁለተኛዋም ያንኑ አለች፤ ሦስተኛዋም። አራተኛዋ ሚጢጢ ናት፣ ቀሚሱ ድሮም ሁለት እሷን የሚይዝ ነው። እትዬ ልክ በሃያ ዓመት ሥራዋ አራት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ሲመጣ አይታ አታውቅም። ሰው ገላው ይለያያል፤ አንዱን የጠበበው ሌላውን ይሰፋዋል። መቀሷን አስቀመጠች።

«ይሄ እኮ ድሮም ሰፍቶሻል» አለቻት ሚጢጢዋን። «ከዚህ በላይ ምን ያደርግልሻል?»

ልጅቱ ጓደኞቿን አየች፤ ጓደኞቿ መሬት መሬት አዩ። «ሰፊ ከሆነ ቢሮ አይጠራንም» አለች። «ልክ የሆነችዋን ነው አስገብቶ በሜትር የሚለካት። በሩን ይዘጋዋል።»

«ማን?»

አራቱም መጋረጃውን አዩ። ከመጋረጃው ወዲያ ልጇ አልጋው ላይ ደብተሯን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር፤ ሁሉን ሰምታለች። እትዬ ልክ መጋረጃውን ገለጠችው።

«ይለካል» አለች ልጇ ደብተሩን እያየች። «ከዚያ እጁ ሜትሩ የማይደርስበት ይሄዳል። ብትናገሪ እናትሽ ሥራዋን ታጣለች ይለኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች እናቷ።

እትዬ ልክ የልጇን ጉንጭ አየች፤ ጥፊው ያረፈው በየትኛው በኩል እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች። አላስታወሰችም፤ ይኸኛው ከሁሉ ባሰባት።

ሰኞ በማለዳ ትምህርት ቤት ሄደች። ዳይሬክተሯ እሷን የምታክል ሴት ናት፣ የሁለት ሴት ልጆች እናት። አዳመጠቻትና መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«እህቴ፣ እሱ ሥርዓት አክባሪ ሰው ነው። ልጆች ደግሞ ሥርዓት አይወዱም።»

«ሥርዓት የሚከበረው በር ተዘግቶ ነው?»

«ሜትሩንስ አንቺ አይደለሽ እንዴ የሰጠሽው? ራሱ ነው የነገረኝ። በልጅሽ ላይ አለካኩን አሳይታኛለች ብሎ።» ዳይሬክተሯ መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ነገሩ ከወጣ የልጅሽ ስም ነው የሚጠፋው። ያንቺም ሥራ አለ። ቀስ ብለሽ አስቢበት።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እትዬ ልክ ከቢሮው ስትወጣ ሰውየው በግቢው በር ላይ ቆሞ የሚገቡትን ልጆች ቀሚስ ያያል። እንደ ወትሮው ዝቅ ብሎ ሰላም አላት። መቀሷን ይዛ ባለመምጣቷ ፈጣሪዋን አመሰገነች፤ መንገዱን ሳታጋምስ ደግሞ ባለመያዟ ተጸጸተች። የአራቱን ልጆች ቤት ዞረች። አንዱ ቤት በር አልከፈቱላትም፣ ሁለተኛው «የኛ ልጅ አልተነካችም» አሏት፣ የሦስተኛዋ እናት አልቅሳ ሸኘቻት። የሚጢጢዋ አያት ብቻ ከዘራቸውን አንስተው «ነገ ስንት ሰዓት?» አሉ።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። አዛውንቱ ሚጢጢዋን ይዘው ውጭ ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ልብስ ሰፊዋና ልጇ ገቡ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ፖሊስ ልጅ እግር ነው፤ ክፉም አይመስልም። ስም ጠየቀ፣ ዕድሜ ጠየቀ፣ ቀኑን ጠየቀ፣ ጻፈ። ልጅቱ በአጭር በአጭሩ መለሰች። ከዚያ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣

«ምን ለብሳ ነበር?» አለ።

እትዬ ልክ ጆሮዋን ማመን አቃታት። «እኔ የሰፋሁላትን ነዋ!»

«ማለቴ፣ እናት፣ አጭር ነገር ነበር ወይስ የሚያጣብቅ...»

«ከጉልበት በታች አራት ጣት» አለች። «ወገቡ ልኳ፣ ትከሻው ልኳ። የኔ ሥራ አንድ ጣት አይተርፍም፣ አንድ ጣት አይጎድልም። የፈለግከው ዘንድ ወስደህ አስለካው።»

ተናግራ ስትጨርስ የራሷን ድምፅ ሰማችው። ቅሬታ ይዞ ለመጣ ደንበኛ የምትመልስበት ድምፅ ነበር።

ልጅቱ ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ያየችው ፖሊሱን ነው፤ ወደ እናቷ አልዞረችም።

«ሦስት ጊዜ ሰፋ አድርጊልኝ ብያታለሁ» አለች። «እሱንም ጻፈው።»

ፖሊሱ እስክሪብቶውን እንደያዘ እናትየውን አየ። «ይሄ እንኳን ከክሱ ጋር አይገናኝም» አለ።

«ይገናኛል» አለች እትዬ ልክ። «ጻፈው።»