የሸረፋ ከበሮ በሀቢቡ ሻይ ቤት

ሸረፋ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ የሚሸጥ የመስቃን ጉራጌ ነበር። የሚታወቀው ግን በከበሮው ነው። ሰርግ ላይ እሱ መምታት ከጀመረ ሽማግሌው ሳይቀር ምርኩዙን ጥሎ ጭፈራው ውስጥ ይገባል። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም ከማሉ የሚባል የአገሩ ዘፋኝ አዲስ አበባ ሸክላ ሊያስቀርጽ ሲል "ያላንተ አይሆንም" ብሎ ወሰደው። ሸረፋም መዳፉ እስኪላጥ መታ።

ሸክላው ቡታጅራ የደረሰው ክረምት ላይ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ግራሞፎን ያለው ሀቢቡ ሻይ ቤት ስለሆነ ሰዉ እዚያ ተሰበሰበ። ሸረፋም ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጣ።

ሸክላው መዞር ሲጀምር ጆሮውን አላመነም። የከማሉ ድምፅ እንደ በሽተኛ ያቃስታል። ከበሮው ደግሞ አንዴ ዱም ካለ፣ ሌላው እስኪከተለው አንድ ብርጭቆ ሻይ ያስጠጣል።

"ይሄ ለቅሶ ነው እንጂ ምን ዘፈን ነው?" አለ ሙስተፋ፣ የገበያ ጎረቤቱ።

ከመኪና ወርዶ ሻይ የሚጠጣ አንድ የቡኢ ሰውም "እኛ ዘንድ እንዲህ የሚመታ ሰው ሰርግ አይጠራም" አለ።

ሸረፋ ተነሳ። "ወላሂ እንዲህ አልመታሁም። የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ነው የሚጎትተው።"

"ድንጋዩን በቅርብ ነው የቀየርኩት" አለ ሀቢቡ ተቀይሞ። "አንተ አዲስ አበባ ሄደህ ብትፈራ የኔ ግራሞፎን ምን ያድርግ?"

ሰዉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሸረፋ በርበሬ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ስለ ባትሪው ያስረዳል። ሁሉም "እሺ፣ እሺ" ይለዋል። ይሄ "እሺ" ከሳቁ የባሰ አበሳጨው። ሸክላው ግን ክረምቱን ሙሉ እየተጎተተ ተሰማ፤ ሰዉም ለመደው።

መስከረም ሲጠባ ሸረፋ በአንድ ሾፌር አዲስ የባትሪ ድንጋይ አስመጣና ሀቢቡን ለምኖ ራሱ ከተተው። ሸክላው ተስፈነጠረ። ከበሮው ልክ እንደመታው እየተንደረደረ ወጣ። ሸረፋ የሰዉን ፊት አየ። የጨፈረ የለም።

"ምነው አጣደፉት?" አለ ሙስተፋ።

ከሰሜን ተቀይረው የመጡት መምህር ፈቃደም "የጉራግኛውን ቃል ገና ለመድኩት ስል አመለጠኝ" አሉ። "የድሮው ይሻል ነበር።"

"መምህር፣ የድሮው የሚባል የለም እኮ። ዘፈኑ ይሄ ነው።"

"ይሁን። እኛ የለመድነው ግን ያኛውን ነው።"

በጥቅምት አንድ ዘመዱ ሰርግ ጠራው። ከበሮውን አንግቶ ገና ሲጀምር የሙሽራው እናት ክንዱን ያዙት።

"ሸረፋ ልጄ፣ እንደ ሸክላው ምታልን። ቀስ አድርገህ።"

"ሸክላው ላይ ያለሁት እኔው ነኝ እኮ።"

"እናውቃለን። የጠራንህም ለዚህ ነው።"

ቀስ አድርጎ መታ። ሰዉ ደስ ብሎት ጨፈረ፣ መረቀው። ሸረፋ ግን ምግብ ሳይቀምስ ቤቱ ገባ።

"ምን አሉህ?" አለችው ሚስቱ ሀሊሜ።

"አመሰገኑኝ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።