ያለ ሴት እጅ የተጠመቀ ጠላ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሐሰት ነው። ሃምሳ ሎሚ በአንድ ፌስታል ይገባል። ከአልዩ አምባ ገበያ ገዝቼ የአንኮበርን ዳገት ይዤው ወጥቻለሁ፤ ከገዛ ሆዴ በቀር የከበደኝ ነገር አልነበረም። ሃምሳ ሰው አንድ አንድ ሎሚ ጨብጦ ሲያጌጥ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ይህን ተረት አዘውትሮ የሚናገረው ሎሚውን ሌላ ሰው እንዲሸከምለት የሚፈልግ ሰው ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ስናገረው ኖሬአለሁ።

ከባለቤቴ ጋር ከተፋታን በኋላ ደብረ ብርሃን ባለው ቤቴ ብቻዬን ቀረሁ። ሳሎኑ ከጣሪያ እስከ ወለል መጽሐፍ ነው፤ ማጀቱ ግን ለእኔ የባዕድ አገር ነበር። ታላቅ እህቴ እዚያው ከተማ ስለምትኖር በየሁለት ቀኑ ወጥ ትልክልኛለች። ከወጡ ጋር ምክር ይመጣል። ምክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ቤቱን አከራይና እኔ ግቢ ካለው ክፍል ግባ። ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰውዬ «በላህ? ካልሲህን ቀየርክ?» እየተባልኩ ልሸመግል ማለት ነው።

በዚህ መሐል የማኅበር ተራዬ ደረሰ። የሚካኤል ማኅበራችን የወንዶች ነው፤ ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ተረኛው ጠላና ዳቦ ያቀርባል። ያቀርባል የምንለው ወንዱን ነው። የምትጠምቀው ሚስቱ ናት፤ ምርቃቱን የሚቀበለው እሱ ነው። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው ሽማግሌ፣ በአባትነት ወግ ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ ያንተን ተራ እናልፈዋለን። ሴት የሌለበት ቤት ድግስ አይወጣውም። ሚካኤልም ይረዳሃል።»

«ሚካኤልም ሚስት የለውም፣ አባቴ» አልኩ።

ሁለት ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ጽዋውን ግን ተቀብዬ ወጣሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ እህቴ ቤት ገባ።

«ልጠምቅልህ?» አለችኝ።

«አልፈልግም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እንዋዋል። ሰው ፊት ካልተዋረድክ ስለ ቤቱ ሁለተኛ አላነሳም። ከተዋረድክ ግን ታከራየውና እኔ ጋ ትገባለህ።»

«ተስማማሁ።»

«ለመሆኑ ጌሾና ግራዋ ለይተህ ታውቃለህ?»

«እንዴት አላውቅም!» አልኩ። አላውቅም ነበር።

እናታችን አንኮበር ስትጠምቅ እኔ ደጃፍ ተቀምጬ አነብ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዘመን አእምሮዬ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጠላ የሚጠመቅበት ዕቃ በወይራ ይታጠናል። ስለዚህ እንደ ከተማው ሰው ሁሉ አዲስ የፕላስቲክ በርሜል ገዛሁ፤ እንደ እናቴም ወይራ በጣሳ አቀጣጥዬ በርሜሉን ከላዩ ደፋሁበት። ከዚያ በራሴ እየተደሰትኩ መጽሐፍ ላነብ ገባሁ። ስመለስ የበርሜሉ አፍ ጥርስ እንደሌለው ሽማግሌ አፍ ተጨማዶ ጣሳውን ነክሶት ነበር። እህቴ በዚያው ሰዓት በሩን ከፍታ ገባች።

«አንተ! ዕድሜዬን ሙሉ ጋን ሲታጠን ነው ያየሁት። ላስቲክ የሚያጥን ሰው ገና ዛሬ አየሁ!» አለችና ለመሳቅ ተቀመጠች። ስትወጣ፣ ክፍሉን አስጠርጋ ቀለም እንደምታስቀባው ነገረችኝ።

ሰፈሩ «አጣኙ» ይለኝ ጀመር። እኔ ግን ጠላ ሲጠምቁ ወደኖሩ አሮጊት ጎረቤቴ ሄድኩ። እሳቸው ራሳቸው ወደ ፕላስቲክ ከተሻገሩ ቆይተዋል፤ የሸክላ ጋናቸው ሽንኩርት ተሞልቶ ጓዳ ቆሞ ነበር።

«ጋኑን ውሰድ። ልምጣና ልጥመቅልህ እንጂ» አሉኝ።

«እጅዎን አልፈልግም፣ እማማ። አፍዎን ብቻ ያውሱኝ።»

«አፌን ማን ዘግቶት ያውቃል!»

እውነትም አልተዘጋም። ከአጥሩ ማዶ ሆነው እያዘዙኝ፣ ጋኑን በግራዋ አሽቼ አጠብኩ፤ በወይራ አጠንኩ፤ ጌሾና ብቅል ጠነሰስኩ። ደብረ ብርሃን ብርዱ ሰው አይፈራም፤ ጥንስሱ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ጋቢዬን አውልቄ ጋኑን አለበስኩት። በማግስቱ ጆሮዬን ሳስጠጋ እስስስ ይላል። በሕይወቴ ብዙ የተከበሩ ሰዎች ንግግር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያስደሰተኝ የለም። የገብስ ዱቄት በውሃ ለውሼ በምጣድ አነኮርኩ፤ ከጥንስሱ ጋር ደፈደፍኩ፤ እስኪደርስ ጠበቅኩ፤ አጠለልኩ። ዳቦውን ከዳቦ ቤት ገዛሁ። ራስን መቻል ማለት ስንዴ መዝራት አይደለም።

የማኅበሩ ዕለት አባላቱ ፊታቸውን ለሐዘን አዘጋጅተው መጡ። ሁለቱ ቤታቸው ጠጥተው እንደመጡ ያስታውቅ ነበር። ጸሎቱ ደረሰ፤ እኔ ቀዳሁ። ሙሴው ቀመሱ። ጣሪያውን አዩ። እንደገና ጎንጨት አሉ።

«ማን ነው የጠመቀው?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«እሱንማ ሰማን። የጠመቀችው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

አጠገባቸው ያለውን ሰው በዓይናቸው ጠቀሱት። ሰውዬው ተነሥቶ ማጀቴ ገባ፤ ከበሩ ኋላ፣ ከጋኑ ኋላ ሳይቀር ፈለገ። «ሴት የለችም» ብሎ ተመለሰ፤ ድምፁ የጠፋ በግ የሚፈልግ ሰው ድምፅ ነበር። ሙሴው ዋንጫቸውን ዘረጉልኝ፤ «እንግዲያው ድገመኝ።»

ጋኑ እስከ አተላው አለቀ። እህቴ በማግስቱ መጥታ በጆግ የደበቅኩላትን ቀመሰች።

«ጌሾ በዝቶበታል» አለች። ከእሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም። ወዲያው ጨምራ፣ «ክፍሉን ለሰው አከራይቼዋለሁ» አለችና ሁለተኛ ስለ ቤቱ አላነሳችም። ቤቴ ቤቴ ሆኖ ቀረ።

ከድሉ ሁሉ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። አባላቱ ሲወጡ አንዱ ኋላ ቀረ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ፣ ልጁ የራሷን ትዳርና ልጆች ትታ በየሳምንቱ ከደነባ እየተመላለሰች የምትጋግርለትና የምታጥብለት ሰው ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «ጥንስሱን ስንት ቀን አቆየኸው?» አለኝ። ነገርኩት። በጣቱ ቆጠረና «ልጄን አሳርፋታለሁ» ብሎ ሄደ።

አንባቢዬ፣ አንተም «ጎበዝ» ብለህ እንዳታልፈኝ። ተነሥና ማጀት ግባ፤ ጨው የት እንደሚቀመጥ ማንንም ሳትጠይቅ ፈልገህ አግኝ።